ፈጣን የአኳሪየም ዓሦችን ፎቶ ለማንሳት ምን ይሻላል? የብርሃን፣ የካሜራና የሌንስ ንጽጽር ለጎንደር ነዋሪዎች

ጎንደር ውስጥ በቤቱ፣ በካፌው ወይም በሆቴሉ የእንግዳ መቀበያ አኳሪየም ያስቀመጠ ሰው ዓሦቹን በደንብ ፎቶ ማንሳት ሲያምረው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ቀድሞ መቅረብ የነበረበት ግን አይደለም። እንደ ዜብራ ዳኒዮ፣ ቴትራ፣ ባርብና ጉፒ ያሉ ዕረፍት የማያውቁ ዓሦች ሲነሡ የፎቶውን ጥራት በዋናነት የሚወስነው ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚበራ ነው፤ ካሜራው ሁለተኛ፣ ሌንሱ ደግሞ ሦስተኛ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። አማራጮቹ ከዚህ በታች የተነጻጸሩት በዚሁ ቅደም ተከተል ሲሆን፣ ሰፊውን ቦታ የያዘውም የብርሃኑ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንዲት ዳኒዮ በገንዳው ርዝመት ስትዋኝ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ትሄዳለች ብንል፣ የካሜራው ሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መዝጊያ) ለ1/60 ሰከንድ ክፍት ሆኖ ሲቆይ ዓሣዋ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ትጓዛለች። በ1/250 ሰከንድ የምትጓዘው 0.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በ1/1000 ሰከንድ ግን 0.2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። የዳኒዮ ሰውነት ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም፣ በጎኗ ላይ ያሉት ሰማያዊ መስመሮችም እጅግ ቀጫጭን በመሆናቸው በ1/60 የተነሣ ፎቶ መስመሮቹን ከመካከላቸው ካለው ወርቃማ ቀለም ጋር ያደባልቃቸዋል። ምግብ አይታ ስትወረወር ወይም በድንገት ስትታጠፍ ፍጥነቷ ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር፣ ለፈጣን ዓሣ ከ1/250 በታች መውረድ አይመከርም፤ 1/500 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ረጋ ብለው ለሚንሳፈፉት ለቤታ ወይም ለኤንጀልፊሽ 1/125 ብዙ ጊዜ ይበቃል።

የገንዳው አምፖል፣ የመስኮት ፀሐይ ወይስ ፍላሽ?

የመጀመሪያው አማራጭ ገንዳው ላይ ያለው የኤልኢዲ አምፖል ነው። ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም፣ ዓሦቹም ለምደውታል፣ የዕፅዋቱም ቀለም በእርሱ ሥር ያምራል። ድክመቱ ኃይሉ ነው። መጠነኛ በሆነ አምፖል ሥር አፐርቸሩ (የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) ኤፍ 4፣ አይኤስኦው (የካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1600 ሆኖ 1/125 ሰከንድ አካባቢ ማግኘት የተለመደ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ 1/500 ለመድረስ አይኤስኦውን ወደ 6400 ማሳደግ ያስፈልጋል። የቅርብ ዓመታት ካሜራዎች ይህን ይችሉታል። በከተማችን ፎቶ ቤቶች በብዛት የሚታዩት ቆየት ያሉ ዲኤስኤልአሮች (ሌንሳቸው የሚቀየር፣ በውስጣቸው መስታወት ያላቸው ካሜራዎች) ግን በ6400 ላይ የቅርፊቱን ዝርዝር በጥቃቅን ነጠብጣብ ይሸፍኑታል።

አምፖሉ ሌላም ጣጣ አለው። የአገራችን የኤሌክትሪክ መስመር 50 ኸርዝ በመሆኑ በቀጥታ ከመስመሩ የሚሠሩ ርካሽ አምፖሎች ብርሃናቸው በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ዓይናችን ይህን አያስተውለውም። በ1/1000 የሚያነሣ ካሜራ ግን አንዱን ፎቶ ብሩህ፣ ቀጣዩን ጨለም ያለ አድርጎ ያወጣዋል፤ መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራዎችና ስልኮች በሚጠቀሙት የኤሌክትሮኒክ ሹተር ከሆነ ደግሞ ፎቶው ላይ አግድም ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። ለመፈተን ነጭ ወረቀት አምፖሉ ሥር አስቀምጦ በ1/1000 ደጋግሞ ማንሳት በቂ ነው። የሁሉም ፎቶዎች ብርሃን እኩል ከሆነ አምፖሉ ደኅና ነው ማለት ይቻላል። ጥሩ አዳፕተር ያላቸው አምፖሎች ብዙውን ጊዜ ይህ ችግር የለባቸውም፤ ካለባቸው ግን ሌላ ብርሃን መፈለግ ወይም ወደ 1/100 መውረድ ግድ ይሆናል። 1/100 ደግሞ ለዳኒዮ አይበቃም።

ሁለተኛው አማራጭ ፀሐይ ነው። ጎንደር በበጋ ወራት የምታገኘው ብርሃን የትኛውም አምፖል የማይደርስበት በመሆኑ ገንዘብ ማውጣት ለማይፈልግ ሰው ከሁሉ የሚሻለው ይህ ነው። ፀሐይ በቀጥታ ውሃው ውስጥ ከገባች በአይኤስኦ 400 እና በኤፍ 8 1/500 ሰከንድ ያለ ችግር ይገኛል፤ መብራቱም አይንቀጠቀጥም። የመስኮቱ አቅጣጫ ግን ሊጤን ይገባል። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በቀትር ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ወደ ደቡብ የሚከፈት መስኮት ለረጅም ሰዓት ብርሃን ያገኛል። በሰኔ በአናት ላይ፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ሰሜን አልፋ ስለምትሄድ ያው መስኮት በቀትር ቀጥተኛ ፀሐይ አያገኝም፤ ክረምቱም ደመናውን ይዞ ይመጣል። ወደ ምሥራቅ የሚከፈት መስኮት ያለው ሰው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል። ገንዳው ከመስኮት የራቀ ከሆነ የፊት መመልከቻ መስታወት በወንበር ላይ አቁሞ ፀሐይዋን ከላይ ወደ ውሃው መመለስ ይቻላል፤ ብርሃኑ ሲበዛ አቡጀዲ ቢጋረድበት ይለዝባል። ሥራው ሲያልቅ መስታወቱን ማንሳት አይዘንጋ፤ ለቀናት ፀሐይ የሚያርፍበት ገንዳ በአልጌ ይወረራል፣ ሙቀቱም ይዋዥቃል።

ሦስተኛው ፍላሽ ነው፤ ለፈጣን ዓሣ ምርጫዬም እርሱ ነው። ብዙ ሰው ፍላሽን የሚጠላው ካሜራው አናት ላይ ሰክቶ ፊት ለፊት ስለሚያበራውና መስታወቱ ላይ ነጭ ነጸብራቅ ብቻ ስለሚያገኝ ነው። ከካሜራው ተነጥሎ ከገንዳው በላይ ሲቀመጥና ወደ ታች ሲያበራ ግን ነገሩ ፈጽሞ ይለወጣል። የዓሣ ጀርባ ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ መሆኑ ብርሃን ከላይ ለሚመጣበት ዓለም የተሰጠው መልክ ነው። ፍላሹ ከላይ ሲመጣ ዓሣው በተፈጥሮው እንደሚታየው ይታያል፤ ከፊት ሲመጣ ግን የብር ቀለም ያለው ቅርፊት ብርሃኑን መልሶ ወደ ሌንሱ ይተፋዋል።

እዚህ ላይ አንድ በብዙዎች ዘንድ የማይታወቅ ነገር አለ። በፍላሽ ስንሠራ እንቅስቃሴውን የሚያቆመው ሹተሩ ሳይሆን የፍላሹ ብልጭታ ዕድሜ ነው፤ ይህም ዕድሜ እንደ ኃይሉ መጠን ይለያያል። ለምሳሌ በአነስተኛ ዋጋ ከሚታወቁት ፍላሾች አንዱ የሆነው ጎዶክስ ቲቲ600 ብልጭታው እንደ ኃይሉ ከ1/230 እስከ 1/20000 ሰከንድ እንደሚቆይ አምራቹ ይገልጻል። በሙሉ ኃይል የሚበራ ፍላሽ ዳኒዮን አያቆማትም ማለት ነው። ኃይሉን ወደ 1/8 ወይም 1/16 ዝቅ አድርጎ ፍላሹን ወደ ውሃው ማቅረብ ግን ብልጭታውን በብዙ እጥፍ ያሳጥረዋል። በርቀትና በሙሉ ኃይል ከሚያበራ አንድ ትልቅ ፍላሽ ይልቅ በቅርበትና በዝቅተኛ ኃይል የሚያበሩ ሁለት ትንንሾች የሚመረጡት በዚህ ምክንያት ነው። ባትሪውም ይቆጠባል። በሙሉ ኃይል ከበራ በኋላ ፍላሹ ዳግም እስኪሞላ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ይፈጃል፤ በ1/16 ግን አከታትሎ ሊበራ ይችላል።

ለመጀመር ካሜራውን በማንዋል አድርጎ ሹተሩን 1/160 ወይም 1/200፣ አፐርቸሩን ኤፍ 11፣ አይኤስኦውን 200 ማድረግ ይበቃል፤ ብሩህነቱን ከዚያ በኋላ በፍላሹ ኃይል ማስተካከል ነው። አብዛኞቹ ካሜራዎች ከፍላሽ ጋር አብረው የሚሠሩበት የሹተር ጣሪያ ከ1/160 እስከ 1/250 ስለሆነ ከዚያ ማለፍ የፎቶውን ከፊል ያጨልመዋል። ቅንጅቱ ትክክል መሆኑን ለማወቅ ፍላሹን አጥፍቶ አንድ ጊዜ ማንሳት ነው። ፎቶው ሙሉ በሙሉ ጥቁር ከወጣ የክፍሉና የአምፖሉ ብርሃን አይገባም ማለት ነው፤ የዓሣው ጥላ መሰል ምስል ከታየ ግን በፍላሽ በተነሣው ጥርት ያለ ዓሣ ጎን የደበዘዘ ጅራት ተጎትቶ ይታያል።

ፍላሹን ከካሜራው ለመነጠል ትሪገር (ፍላሹን ከርቀት የሚያበራ መሣሪያ) ያስፈልጋል። ለትሪገር የሚሆን ገንዘብ ከሌለ ቲቲ600ን ጨምሮ ብዙ ፍላሾች ሌላ ብልጭታ ሲያዩ የሚበሩበት ኤስ1 እና ኤስ2 የሚባል ቅንብር አላቸው። የካሜራው የራሱ ብቅ ባይ ፍላሽ በማንዋል ሲበራ ኤስ1፣ በአውቶማቲክ ሲበራና ቅድመ ብልጭታ ሲልክ ኤስ2 ይመረጣል። ብቅ ባዩን በዝቅተኛ ኃይል አድርጎ ወደ መስታወቱ በኩል በጥቁር ካርቶን መከለል እንጂ ዓሣው ላይ እንዲያበራ መተው አይገባም።

ፍላሹ ውሃ ላይ በሚደረደርበት ጊዜ ጥንቃቄ ያሻል። ክፍት ውሃ ላይ በእንጨት አስደግፎ ማስቀመጥ አደገኛ ነው፤ በገንዳው የመስታወት ክዳን ላይ አስቀምጦ ማሰሪያውን ከግድግዳ ወይም ከመደርደሪያ ጋር ማሰር ይገባል። የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ስለሆነ በማሞቂያ 25 ዲግሪ ላይ የቆየ ገንዳ ክዳኑን ከውስጥ በጠብታ ይሸፍነዋል። እነዚህ ጠብታዎች ዓሣው ጀርባ ላይ ዝንጉርጉር ጥላ ይጥላሉ። ከመጀመር በፊት ክዳኑን በንጹሕ ጨርቅ ማበስ፣ ከፍላሹ ሥር ደግሞ አንድ ንብርብር አቡጀዲ ወይም ነጭ ወረቀት ማንጠፍ ጥላውን ያለዝበዋል።

ፍላሽ ለጎንደር ሰው ሌላም ጥቅም አለው፤ መብራት ሲጠፋ ሥራው አይቋረጥም። አራት የባትሪ ድንጋይ የሚበላ ፍላሽ ከመስመሩ ጋር ጉዳይ የለውም፤ የክፍሉ መጨለምም መስታወቱ ላይ የሚያርፈውን የመጋረጃና የሶፋ ነጸብራቅ ያስወግዳል። ይሁን እንጂ ዓሦቹ በድቅድቅ ጨለማ ድንገተኛ ብልጭታ እንዳያስበረግጋቸው፣ ካሜራውም ፎከስ የሚያደርግበት እንዲያገኝ፣ አንዲት የእጅ ባትሪ ከላይ በርታ መቆየት ይኖርባታል። ማጣሪያውና የአየር ፓምፑ ቆመው በሚቆዩበት ጊዜ ዋናው ጉዳይ ፎቶው ሳይሆን የዓሦቹ ትንፋሽ መሆኑ አይረሳ፤ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን መክፈትና መዝጋት ከጀመሩ ካሜራው ይቀመጥ።

ካሜራው

ስልክ ከሁሉም የሚቀርበው አማራጭ ነው፤ በፀሐይ ብርሃን ከሆነ የሚናቅ አይደለም። ሴንሰሩ (ምስሉን የሚቀበለው የካሜራ ክፍል) ትንሽ በመሆኑ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ያለው የዓሣ አካል በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ይህን ጥቅም ትልልቆቹ ካሜራዎች በቀላሉ አያገኙትም። ለብርሃን እጥረት ግን ስልኩ የሚሰጠው መልስ ብዙ ፎቶዎችን አከታትሎ አንሥቶ አንድ ላይ መደረብ ነው። ዓሣው በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ሌላ ቦታ ስለሚገኝ ድርብርቡ ፎቶ ይደበዝዛል። ስለዚህ የሌሊት ቅንብሩንና ኤችዲአሩን (ፎቶዎችን የሚደርበውን ሌላ ቅንብር) አጥፍቶ በፕሮ ቅንብር ሹተሩን 1/500 ላይ መቁረጥ የግድ ነው። የስልኩ «ፍላሽ» ደግሞ ስሙ እንጂ ፍላሽ አይደለም፤ እንቅስቃሴ የማያቆም፣ መስታወት ላይ የሚንጸባረቅ ትንሽ የኤልኢዲ መብራት ስለሆነ መጥፋት አለበት። ስልክ ላይ ሌላው መንገድ 4ኬ ቪዲዮ ቀርጾ ከውስጡ የተሻለውን ቅጽበት መልቀም ነው። ከ4ኬ የሚወጣ ፎቶ 8 ሚሊዮን ገደማ ነጥብ ስለሚኖረው ለማኅበራዊ ገጽና ለትንሽ ኅትመት ይበቃል፤ ነገር ግን ቪዲዮ ሲቀረጽም የሹተሩን ፍጥነት ለብቻው ማሳጠር ካልተቻለ የሚለቀመው ሁሉ የደበዘዘ ይሆናል።

የኪስ ካሜራዎችን በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቁልፉ ተጫነ፣ ፎቶው ተነሣ በሚባለው መካከል የሚፈጁት ጊዜ ዓሣውን ከፍሬሙ ለማስወጣት በቂ ነው።

ሌንሱ የሚቀየር ካሜራ፣ ዲኤስኤልአርም ሆነ መስታወት አልባ፣ ዋና ጥቅሙ ከፍላሽ ጋር መግባባቱ ነው። በሁለቱ መካከል ሲመረጥ አዲሶቹ መስታወት አልባ ካሜራዎች ዓሣ ተከትሎ ፎከስ በማድረግ ይበልጣሉ፤ አንዳንዶቹም የአምፖል መንቀጥቀጥን የሚከላከል ቅንብር አላቸው። ሆኖም በኤሌክትሮኒክ ሹተር ብዙዎቹ ፍላሽ አያበሩም፣ ፈጣን ዓሣንም አጣመው የሚያነሡበት ጊዜ አለ፤ በሜካኒካል ሹተር ማንሳት ይገባል። በፍላሽ ለሚሠራ ሰው ዐሥር ዓመት ያለፈው ዲኤስኤልአር ከአዲሱ ጋር ሲነጻጸር የሚታየው ልዩነት የዋጋውን ያህል አይደለም፤ ምክንያቱም አይኤስኦ 200 ላይ ሁለቱም ንጹሕ ፎቶ ይሰጣሉ። አዲስ ካሜራ በአምፖል ብቻ ከመጠቀም ይልቅ አሮጌ ካሜራ ከሁለት ፍላሽ ጋር መያዝ ይሻላል የምለውም ለዚህ ነው።

ከመግዛት ይልቅ መከራየትም አለ። ከተማው ውስጥ ያለው ጥሩ ካሜራና ፍላሽ በአብዛኛው የሠርግ ፎቶ አንሺዎች ነው። ከጥምቀት በኋላ ባሉት የጥር ሳምንታትና ከፋሲካ በኋላ ሠርግ ስለሚደራረብ በነዚህ ጊዜያት ዕቃ በኪራይ ማግኘት ይከብዳል፤ ቢገኝም ዋጋው ይወደዳል። በዐቢይ ጾም ግን የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለማይደረግ ካሜራው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ወቅቱም ፀሐይ የሞላበት የበጋ ማብቂያ ነው። ፍላሽና ትሪገር አብሮ መከራየቱን፣ ትሪገሩም ከካሜራው ዓይነት ጋር የሚገጥም መሆኑን ሳያረጋግጡ ዕቃውን ይዞ መውጣት አይገባም፤ የካነን ትሪገር ኒኮን ላይ ተሰክቶ ሁሉን ነገር አይሠራም።

ሌንሱ

ማክሮ ሌንስ (ትንንሽ ነገሮችን በቅርበት አጉልቶ የሚያነሣ ሌንስ) ያስፈልጋል የሚለው አስተሳሰብ ከልክ በላይ ተሰራጭቷል። ባለ 4 ሴንቲ ሜትር ዓሣን ግራና ቀኝ ትንሽ ቦታ ትቶ ለማንሳት 6 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ፍሬም ይበቃል። የተለመደው የዲኤስኤልአር ሴንሰር ስፋት 22 እስከ 24 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የሚያስፈልገው ማጉላት (ሴንሰሩ ላይ የሚያርፈው ምስል ከእውነተኛው መጠን ጋር ሲነጻጸር) ከ0.4 አይበልጥም። ከካሜራው ጋር የሚመጣው 18–55 ሚሊ ሜትር ሌንስ በቅርብ ርቀቱ ከ0.3 በላይ ይደርሳል፤ ቀሪው ፎቶውን በመቁረጥ ይሟላል። የዚህ ሌንስ ነውር ተደርጎ የሚቆጠረው በ55 ላይ ከኤፍ 5.6 በላይ አለመከፈቱ ሲሆን፣ በፍላሽ በኤፍ 8 እና በኤፍ 11 ለሚሠራ ሰው ይህ ነውር ትርጉም የለውም። ማክሮ የሚያዋጣው የዓይኑን ቀለበት ወይም የክንፉን ጨረር ብቻ ለይቶ ማሳየት ለሚፈልግ ነው፤ እርሱም ቢሆን ከ100 ይልቅ 60 ሚሊ ሜትሩን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ በ100 ፈጣን ዓሣ ከፍሬም ውስጥ ማቆየት እጅግ አድካሚ ነው።

ባለ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ በአምፖል ብቻ ለሚሠራ ሰው የተሻለው ርካሽ አማራጭ ነው፤ ግን አጠቃቀሙን ማወቅ ይጠይቃል። ዓሣው ፍሬሙን በሚሞላበት ቅርበት በኤፍ 8 ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በኤፍ 2.8 ወደ 1 ሚሊ ሜትር ግድም ይወርዳል። ዓይኑ ጥርት ብሎ በዚያው በኩል ያለው የጎን ክንፍ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። በዚህ ሌንስ ትንሽ ራቅ ብሎ አንሥቶ በኋላ መቁረጥ ከመቅረብ ይሻላል።

ማሳደድ ወይስ መጠበቅ?

የካሜራው አውቶ ፎከስ ተከታታይ በሚባለው ቅንብር ዓሣውን እንዲከተል ማድረግ ለትልልቅና ቀጥ ብለው ለሚዋኙ እንደ ጎልድፊሽ ላሉ ዓሦች ይሠራል። ለዳኒዮና ለኒዮን ቴትራ መንጋ ግን ካሜራው ከአንዱ ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ ቅጠሉ እየዘለለ ጊዜ ያባክናል። እዚህ ላይ ፎከሱን በማንዋል አንድ ቦታ ቆልፎ ዓሣው እስኪመጣ መጠበቅ ያዋጣል። ቦታው በዘፈቀደ አይመረጥም። ከመቅረጽ በፊት ገንዳውን ጥቂት ጊዜ ያስተዋለ ሰው እያንዳንዱ ዓሣ የራሱ መመላለሻ መንገድ እንዳለው ያያል፤ ዳኒዮዋ ከግራው መስታወት አጠገብ ስትደርስ ትታጠፋለች፣ ስትታጠፍም ለቅጽበት ፍጥነቷ ይበርዳል። ካሜራው በትራይፖድ ላይ ሆኖ ፎከሱ ከመታጠፊያው ቀጥሎ ባለው ቦታ ላይ ከተቆለፈ ዓሣዋ ከታጠፈች በኋላ ጎኗን ሙሉ በሙሉ ሰጥታ ትመጣለች። ክንፏ በደንብ የሚዘረጋውም በዚያን ጊዜ ነው። በደንብ የተመረጠ ቦታ ላይ አንድ አንድ እየተኮሱ መጠበቅ፣ በሰከንድ ዐሥር ፎቶ የሚያነሣ ካሜራ ይዞ ከማሳደድ የበለጠ የሚቀመጥ ፎቶ ያስገኛል።

ጥቂት ምግብ በአንድ ማዕዘን ጣል ማድረግ ዓሦቹን ወደ ተፈለገው ቦታ ይጠራቸዋል፤ ሲበዛ ግን ውሃው በብናኝ ይሞላል፣ ፍላሹም እያንዳንዱን ብናኝ ነጭ ነጥብ አድርጎ ያወጣዋል። ማጣሪያውን ለጥቂት ደቂቃ ማቆም ብናኙ እንዲሰፍር ይረዳል፤ መልሶ ማብራት እንዳይረሳ የስልክ ማንቂያ መሙላት ብልህነት ነው።

መስታወቱና ውሃው

የፊት መስታወቱ ላይ የደረቀ የውሃ ነጭ ምልክት በውጭ በኩል ከሆነ በአቼቶ በረጠበ ጨርቅ ይወገዳል፤ አቼቶው ወደ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የውስጡ አልጌ ከአንድ ቀን በፊት ቢፋቅ የተፋቀው ነገር እስኪሰፍር ጊዜ ይኖራል። ካሜራው ከመስታወቱ ጋር ቀጥ ብሎ፣ 90 ዲግሪ ሠርቶ መቆም አለበት፤ ሰያፍ ሲሆን ብርሃኑ በመስታወቱና በውሃው ውስጥ ስለሚሰበር ዓሣው ጠርዙ ላይ የቀለም ጥላ ይዞ ይደበዝዛል።

ነጸብራቅን ለማስወገድ ከፖላራይዘር ፊልተር (ሌንሱ ላይ የሚገጠም ነጸብራቅ ቀናሽ መስታወት) እና ከጎማ ሌንስ ሁድ (የሌንሱ ፊት ላይ የሚታሰር የጎማ ከለላ) የትኛው ይሻላል ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ የሚያሻማ አይደለም። ፖላራይዘር ነጸብራቅን በደንብ የሚቆርጠው በሰያፍ፣ ለመስታወት በ56 ዲግሪ አካባቢ ሲታይ ነው፤ ቀጥ ብሎ ለቆመ ካሜራ የሚያደርገው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ላይ ከብርሃኑ እስከ ሦስት አራተኛ ስለሚበላ በ1/500 የሚሠራውን ወደ 1/125 ይጎትተዋል። የጎማ ሁድ ግን ከመስታወቱ ጋር ተጣብቆ የክፍሉን ብርሃን ሁሉ ይዘጋል፤ ሌንሱንም መስታወቱንም ከጭረት ይጠብቃል። ገበያ ላይ ካልተገኘ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ተቆርጦ ሌንሱ ላይ በላስቲክ ቢታሰር ያው ነው።

ጥልቀት ያለው ገንዳ ውስጥ ዓሣው ወደ ኋላ እየሸሸ ካስቸገረ አንድ ቀጭን መስታወት በገንዳው ቁመት አስቆርጦ ከፊቱ መስታወት 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር ርቆ እንዲቆም ማድረግ ይቻላል። መስታወት ቤት ሲታዘዝ ጠርዙ እንዲሞረድ መንገር አለበት፤ ስለቱ ዓሣውንም እጅንም ይቆርጣል። ዓሣው በዚህ ጠባብ ስፍራ ሲቆይ ፎከሱን መቆለፍ በጣም ይቀላል። ከኋላ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ወረቀት ሲለጠፍም የማሞቂያውና የቱቦው ምስል ይጠፋል። ዓሣው ቀለሙ ከነጣ ወይም ማዕዘን ላይ ተወትፎ ከቀረ ግን ክፍልፋዩን ማውጣት ነው፤ የደነገጠ ዓሣ ክንፉን ስለሚያጥፍ ፎቶውም አይረባም።

የጣናን ዓሦች ለሚያነሣ ሰው

ጎርጎራ የጎንደር ጎረቤት በመሆኗ ይህን ሙያ ከጌጥ ዓሣ ያለፈ የሚጠቀሙበት ሰዎች አሉ። ጣና ውስጥ የሚገኙት ላቤዮባርበስ የሚባሉት ትልልቅ ባርቦች ዝርያቸው ብዙ፣ አብዛኛዎቹም በሌላ ቦታ የማይገኙ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱ በ1940 እ.ኤ.አ. በጎርጎራ ስም ጎርጎሬንሲስ ተብሏል። ከነዚህ ባርቦች መካከል አንዳንዶቹ በክረምት ለመራባት ወደ መገጭና ድርማ ወንዞች ይወጣሉ። ዝርያዎቹ የሚለዩት በአፋቸው አቀማመጥ፣ በጭንቅላታቸው ቅርጽና በሰውነታቸው ውፍረት ስለሆነ ለመለያ የሚነሣ ፎቶ ከውበት ፎቶ ይለያል። የውበቱ ፎቶ ከፊት ትንሽ ሰያፍ ሆኖ፣ ዓይኑ ጎልቶ፣ ጀርባው ጨለም ብሎ ሊወጣ ይችላል። የመለያው ግን ፍጹም የጎን ሆኖ፣ ከአፍ እስከ ጅራት ጫፍ ጥርት ብሎ፣ ክንፎቹ ሁሉ ተዘርግተው፣ በነጭ ወይም በግራጫ መደብ ላይ መሆን ይገባዋል።

ለዚህ ሥራ ከቤት ገንዳ ይልቅ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተንቀሳቃሽ የመስታወት ሣጥን ይመረጣል፤ ውሃውም ዓሣው ከተያዘበት ከራሱ ከሐይቁ ወይም ከወንዙ መቀዳት አለበት። ወንዝ ዳር ፀሐይ ስለሚበቃ ፍላሽ ባይኖርም ይቻላል፤ ትንሽ ውሃ ግን በፀሐይ ቶሎ ስለሚሞቅ ዓሣው ሣጥኑ ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው። በመራቢያ ወቅት ዓሣ መያዝን የሚመለከተውን የክልሉን ደንብ አስቀድሞ ማወቅም የአንሺው ኃላፊነት ነው። ከሣጥኑ የፊት መስታወት ግርጌ በሚሊ ሜትር የተከፋፈለ ማስመሪያ ይለጠፍ፣ ፎቶውም ከተለመደው ጄፔግ በተጨማሪ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብረው በሚያስቀምጠው ፋይል) ይቀመጥ፤ የውሃው ቀለም ወደ ቢጫ ስለሚያደላ ነጩን መደብ መነሻ አድርጎ የዓሣውን ትክክለኛ ቀለም መመለስ የሚቻለው በሮው ነው። ቀኑ፣ የወንዙ ስምና የተያዘበት ቦታ ፎቶው በተነሣበት ሰዓት በማስታወሻ ደብተር ላይ ከፎቶው ቁጥር ጋር ይጻፍ።